የጦርነት ክርክር ግሩፑን ሲውጠው፦ ለሰፈር ግሩፕ አድሚኖች ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የሰፈር፣ የእድር፣ የአብሮ አደግ ወይም የመሥሪያ ቤት የቴሌግራም ግሩፕ ለሚያስተዳድር ሰው ነው። እኔ ያለሁት ሀዋሳ ስለሆነ ምሳሌዎቼም ከዚሁ ናቸው። ችግሩ ግን የትም አንድ ነው። ውሃ መቼ እንደሚለቀቅ ለመጠያየቅ የተከፈተ ግሩፕ በአንድ ማታ "መጀመሪያ የተኮሰው ማነው?" የሚባባሉበት አደባባይ ይሆናል። በነጋታውም ይደገማል። በሳምንቱም እንደዚያው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ክርክሩ መገደብ አለበት። የሰውን ሐሳብ ማንም አይንካ፤ ድግግሞሹ ግን ልጓም ያስፈልገዋል።

"ፖለቲካ ጨርሶ እንከልክልና እንገላገል" የሚሉ አሉ። እዚህ አገር አይሠራም፤ ሀዋሳ ላይ ደግሞ ይብሳል። ዩኒቨርሲቲው፣ በ2008 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሆቴሉና ንግዱ ከየአቅጣጫው ሰው አምጥተዋል። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራይ ቢኖር ለበዓል አራቱም የሚደውሉት ወደተለያየ አገር ነው። ለእነሱ ጦርነት የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ዝም በሉ ብትሏቸው ዝም አይሉም። ሌላ ግሩፕ ይከፍታሉ፤ እዚያ ደግሞ የሚያስታግስ ሽማግሌ የለም።

1. ግሩፑ ለምን እንደተከፈተ በሁለት መስመር ጻፉ

ይህ ቀላሉ ነው። "ይህ ግሩፕ የሰፈራችን ነዋሪዎች ስለ ለቅሶ፣ ስለ ውሃና መብራት፣ ስለ ጸጥታና ስለጠፉ ዕቃዎች የሚነጋገሩበት ነው" ብላችሁ ጻፉና ፒን አድርጉት። ነገ አንድን ሰው "ይህ ቦታው አይደለም" ስትሉት የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል። የተጻፈ ነገር ከሌለ የእናንተ ቃል ከእሱ ቃል ጋር ነው የሚጋጨው።

2. አራት ነገሮችን አትቀላቅሉ

አድሚኖች ብዙ ጊዜ ስለ ጦርነት የተጻፈውን ሁሉ በአንድ ስም ይጠሩታል፤ "ፖለቲካ" ይሉታል። ከዚያ በጅምላ ያጠፋሉ። ቅያሜው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው የቤተሰብ ወሬ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ትግራይ ውስጥ ስልክ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እዚህ ሀዋሳ ተቀምጦ እናቱ ትኑር አትኑር የማያውቅ ሰው ነበር። ልጁ ግንባር ሄዶ ድምፁ የጠፋበት አባትም ነበር። "ከዚያ በኩል የመጣ ሰው የሚያውቅ አለ?" ብሎ የሚጽፍ ሰው ፖለቲካ እያወራ አይደለም። ይህ መልእክት በየትኛውም ሰዓት፣ በየትኛውም ክፍል ይፈቀድ። ከሥሩ ግን አንድም ክርክር አይፈቀድ። "አይዞህ" ከማለት ውጪ የሚጻፍ ነገር ካለ ይጥፋ። እዚህ ላይ ጨካኝ ሁኑ።

ሁለተኛው የደህንነት መረጃ ነው። መንገድ ተዘግቷል፣ መኪና አያሳልፍም፣ ዛሬ እንዳትወጡ የሚሉት። ከሰፈራችን ሹፌርም ነጋዴም አለ። በሻሸመኔና በባቱ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ሰው ይህን ማወቅ አለበት። የሚጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መቼ? ማን ነገረህ? "ወንድሜ አሁን ሻሸመኔ ቆሞ ደውሎልኝ" የሚለው መረጃ ነው። "ተዘግቷል አሉ" የሚለው ወሬ ነው፤ ጸሐፊው እስኪያጣራ ይነሣ።

ሦስተኛው አዲስ ዜና ነው። አንዴ ይለጠፍ፣ ምንጩ ይጻፍ፣ ይበቃል።

አራተኛው ያ የምናውቀው ክርክር ነው። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ ስለ እሱ ነው።

3. "ተደጋገመ" የምትሉበትን መለኪያ ያዙ

"በዛ" ማለት መለኪያ አይሆንም። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው። ይህ መልእክት ባለፈው ያልተባለ ማስረጃ አምጥቷል? የሚመልሰው ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስ አስቀድሜ ማወቅ እችላለሁ? ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርተው ሌላው ዝም ብሏል? አዲስ ነገር ከሌለ፣ መልሱን በቃላችሁ የምታውቁት ከሆነና የቀሩት ሁለት ተከራካሪዎች ብቻ ከሆኑ ነገሩ ተደጋግሟል።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በእኛ ግሩፕ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የእድሩ ጸሐፊ የለቅሶ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ቀብሩ በነጋታው ስድስት ሰዓት ነው። ልክ ከሥሩ ሁለት ጎረቤታሞች ስለ ፑቲንና ስለ ኔቶ ተያያዙ። የዩክሬን ጦርነት ከተጀመረበት ከየካቲት 17 ቀን 2014 ጀምሮ በመካከላቸው ያለው ክርክር ነው፤ አንዲት ቃል አልተለወጠችም። ቮይስ በቮይስ ላይ ተደራረበ። ጠዋት ስልኩን የከፈተ ሰው ያየው ስለ ኪየቭ ነው። ድንኳኑ ጋ ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ ወሬውን የሰማው በአፍ ነበር። የሟች ቤተሰብ ቀብሩ ላይ ማን እንደቀረ አይረሳም፤ የቀረው ሰው ደግሞ ማስታወቂያውን አላየውም።

(ሁለቱ ሰዎች፣ ልብ በሉ፣ እሁድ እሁድ አንድ ጀበና ቡና ቤት ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ፊት ለፊት ሲሆኑ ስለ ማዳበሪያና ስለ ነዳጅ ዋጋ ያወራሉ። የሚጣሉት በስልክ ብቻ ነው።)

4. የትኛው ጥያቄ ላይ እንደሚከራከሩ ጠይቁ

ይህ ከሁሉም የሚያለፋው ደረጃ ነው፤ ከሁሉም የሚጠቅመውም እሱ ነው። ብዙ ክርክር የማያልቀው ሰዎቹ ስለማይስማሙ ሳይሆን የተለያየ ጥያቄ ስለሚመልሱ ነው።

የባድመን ነገር እንውሰድ። ጦርነቱ በግንቦት 1990 ተጀመረ፣ በሰኔ 1992 ተኩስ ቆመ፣ በታህሳስ 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ልጅ ወልዷል። ክርክሩ ግን እንደ ትናንት ነው። አንዱ "ባድመ የኤርትራ ናት ተብሎ ተፈርዷል" ይላል። ልክ ነው፤ የድንበር ኮሚሽኑ በሚያዝያ 1994 በሰጠው ውሳኔ ባድመ በኤርትራ በኩል ወድቃለች። ሌላው "ጥፋተኛዋ ኤርትራ ናት ተብሎ ተፈርዷል" ይላል። እሱም ልክ ነው። የካሣ ጥያቄዎችን ያየው ሌላ ኮሚሽን በታህሳስ 1998፣ ኤርትራ በግንቦት 1990 በኃይል ባድመን በመያዟ ዓለም አቀፍ ሕግ ጥሳለች ብሏል። የመጀመሪያው ኮሚሽን የተጠየቀው ድንበሩ የት እንደሆነ ነው። ሁለተኛው የተጠየቀው ጦር ያነሣው ማን እንደሆነ ነው። ሁለቱ ተከራካሪዎች እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር አልተናገሩም። ግን ማታውን በሙሉ "ውሸታም" ተባብለው ያድራሉ።

የሰሜኑ ጦርነትም እንዲሁ ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ማን ቀድሞ ተኮሰ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ነገሩን ወደዚያ የገፋው ማነው የሚለው ሌላ ነው። በሰላማዊ ሰው ላይ ምን ተፈጸመ የሚለው ሦስተኛ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ውል ምን ይላል፣ ምንስ ተፈጸመ የሚለው አራተኛ። ለሦስተኛው ጥያቄ ለምሳሌ የሚነበብ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ ያወጡት የጋራ ሪፖርት ሁሉም ተዋጊ ወገኖች ጥሰት ፈጽመዋል ይላል። ሪፖርቱን የሚቀበልም የሚተችም አለ። ግን "እነሱ ምን አደረጉ?" ለሚል ሰው "ማን ቀድሞ ተኮሰ" መልስ አይሆንም። ሕፃን ልጅ የሞተባትን እናት "መጀመሪያ የናንተ ሰዎች ናቸው" ማለት ምን ይባላል?

ስለዚህ አድሚኑ ይግባና እንዲህ ይበል፦ "ወንድሞቼ፣ የምትከራከሩት በየትኛው ጥያቄ ላይ ነው? እስቲ አንዱን ምረጡ።" ግማሹ ክርክር እዚሁ ያልቃል።

ለቀረው ግማሽ እንዲህ አድርጉ። ከእያንዳንዱ ወገን አንድ ሰው ይመረጥና የወገኑን ምርጥ ሐሳብ በአንድ መልእክት ይጻፍ። ስድብ የሌለበት፣ ማስረጃ ያለበት፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ። ሁለቱን ጎን ለጎን ፒን አድርጉ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ እንደገና ሲነሣ አድሚን የሚጽፈው "ይህ ተብሏል፤ አዲስ ነገር ካለህ ጨምርበት" ብቻ ነው፤ ሊንኩን ከሥሩ ያስቀምጣል። አያቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሟገቱ ተራ ነበራቸው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፣ ዳኛም አለ። በሲዳማ ሽማግሌዎች የአፊኒ ምክክርም ሁሉም ሳይሰማ ውሳኔ አይሰጥም። እኛ ነን ተራውን የጣልነው።

5. ደንቡን ከሰዉ ጋር አውጡ

አንድ አድሚን ሌሊት ተነሥቶ የጻፈውን ደንብ ማንም አያከብርም። ሦስት አራት ሰው ሰብስቡ፤ ቢቻል ከእድሩ ሽማግሌ አንድ፣ ከሴቶች አንድ፣ ከወጣቶች አንድ። ዋናው ነገር ሁሉም በአንድ ወገን የሚያዝኑ እንዳይሆኑ ነው። ረቂቁን ለጥፉ፣ ስም በማይታይበት ፖል አስመርጡ፣ በእድሩ ስብሰባ ላይም በቃል አንብቡት። ስልክ የሌላቸው እትዬዎችም የሰፈሩ ሰው ናቸው።

እኛ የተስማማንበት ይህን ይመስላል፤ እንደሚመቻችሁ አስተካክሉት፦

"ስለ ጦርነት መጻፍ አልተከለከለም፤ ቦታው «ወቅታዊ ጉዳይ» የሚለው ክፍል ነው። ቤተሰብ መፈለግና ሀዘን መግለጽ በየትኛውም ክፍል ይፈቀዳል፤ ከሥሩ መከራከር አይፈቀድም። አዲስ ማስረጃ የሌለው ክርክር ሲደገም አድሚን ወደ ፒኑ ይመራል፤ ከቀጠለ ያ ርእስ ለሳምንት ይዘጋል። ምንጭና ቀን የሌለው ፎርዋርድ ይነሣል። የሬሳ ምስል አይለጠፍም። ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚሰድብ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ይህ ደንብ አድሚኖችንም ይመለከታል።"

ከዚህ የረዘመ ደንብ አይነበብም።

6. ቴሌግራሙን አስተካክሉ

ቶፒክስ የሚባለውን በግሩፑ ኤዲት ውስጥ አብሩት። ግሩፑ በክፍል ይከፈላል፦ ለቅሶ፣ ውሃና መብራት፣ ወቅታዊ ጉዳይ፣ ሌላ ሌላ። የማይፈልግ ሰው "ወቅታዊ ጉዳይ" የሚለውን ብቻ ሚውት ያደርጋል። ለቅሶው ግን ይደርሰዋል። ለእኔ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው፤ ከደንቡም በላይ።

ነገር ሲጋጋል ስሎው ሞድ አለ። ፐርሚሽንስ ውስጥ ታገኙታላችሁ። አንድ ሰው አንዴ ከጻፈ በኋላ እንደገና ለመጻፍ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ትወስናላችሁ፤ ከጥቂት ሰከንድ እስከ አንድ ሰዓት ይደርሳል። አሥራ አምስት ደቂቃ ላይ አድርጉት። አሥራ አምስት ደቂቃ የጠበቀ ሰው ወይ ረጋ ብሎ ይጽፋል፣ ወይ እራቱን ይበላል። አድሚኖችን ስለማይመለከት የለቅሶ ማስታወቂያ አይታገድም። ሲረጋጋ ማጥፋት አትርሱ፤ ሁሌ በርቶ ከቆየ ሰው ይሰለቻል።

መልእክት ስታጠፉ ሪሰንት አክሽንስ ውስጥ ለ48 ሰዓት ይቆያል። ሌሎቹ አድሚኖች ማን ምን እንዳጠፋ ያያሉ። ይህ እናንተንም ይጠብቃችኋል።

ዋትስአፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ድርብ ቀስቱን እዩ። ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት ላይ ይታያል፤ እንዲህ ያለውን መልእክት ኩባንያው ራሱ ከ2012 ጀምሮ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቻት ብቻ እንዲላክ ገድቦታል። ድርብ ቀስት ያለው የጦር ሜዳ ፎቶ ሲመጣ በጉግል ሌንስ አስፈልጉት። የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ጦርነት ሆኖ ሲገኝ ታዩታላችሁ።

7. ሰውን በውስጥ መስመር አናግሩ

በዕድሜ የገፋን ሰው በአደባባይ "ደንብ ጥሰዋል" ማለት ጠብ መፈለግ ነው። ልጆቹ አሉ፣ ምራቱ አለች፣ ሁሉም ያያል። ኢንቦክስ ግቡ። እንዲያውም ጠዋት በር ላይ ብታገኟቸው ይሻላል።

ለትልቅ ሰው እንዲህ ይጻፋል፦ "ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? ትናንት የላኩት ነገር ባለፈው ሳምንት ከተባለው ጋር አንድ ስለሆነ አነሣሁት፤ አይቀየሙኝ። አዲስ የሰሙት ነገር ካለ ወቅታዊ ጉዳይ ውስጥ ይጻፉልን፤ እኔም ማንበብ እፈልጋለሁ።" የመጨረሻዋን ሐረግ አትዝለሉ። ፎርዋርድ የሚያበዛ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የሚሰማው ሰው ነው።

ለእኩያችሁ ደግሞ፦ "ወንድሜ፣ ይሄኛው ተብሏል፣ ሊንኩ ይኸው። ስድቧን አውጣና እንደገና ጻፋት፣ እተውልሃለሁ።"

ካልሰማ ለአንድ ቀን ከመጻፍ እገዱት። ከዚያ ለሳምንት። ከግሩፑ ግን አታስወጡት። ቴሌግራም ሰው እያነበበ እንዳይጽፍ ማድረግ ይፈቅዳል። የእድር አባል የሆነን ሰው ማስወጣት ከለቅሶ መነጠል ነው፤ ያንን ደግሞ የትኛውም የፑቲን ክርክር አያመጣጥነውም።

8. ማስጠንቀቂያ የማያስፈልገው ነገር

ብሔርን የሚያዋርድ ቃል፣ "በሏቸው" የሚል ጥሪ፣ የአንድን ሰው ቤት ወይም ሱቅ የሚጠቁም መልእክት። እነዚህ የድግግሞሽ ጉዳይ አይደሉም። ወዲያው ስክሪንሾት ያዙ፣ አጥፉ፣ ሰውየውን አግዱ። በሰኔ 2010 በከተማችን የተነሣውን የብሔር ግጭት ያየ ሰው ቃል ከስልክ ወጥቶ መንገድ ላይ ለመድረስ ረጅም ጊዜ እንደማይፈጅበት ያውቃል።

ሕጉም አለ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥላቻ የሚያሰራጭን ሰው እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ሊያስቀጣው ይችላል። ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ ቅጣቱ ይከብዳል። ይህን ለማስፈራሪያ አትጠቀሙበት። በሕግ እያስፈራራ ግሩፕ የሚመራ አድሚን ዳር ዳሩን የሚሄድ ወሬ ነው የሚያተርፈው። አንዴ ብቻ፣ ደንቡ ሲወጣ፣ ንገሯቸው።

9. የራሳችሁን ወገን ፈትኑ

አድሚን የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የማትስማሙበት ሰው ሲደጋግም ቶሎ ይታያችኋል። የምትስማሙበት ሲደጋግም "እውነቱን ነው የተናገረው" ትላላችሁ። ፍላጎታችሁ ክፉ ስላልሆነ አይሰማችሁም። ሰዉ ግን ይቆጥራል።

መፈተኛው ቀላል ነው። መልእክቱን ኮፒ አድርጉና የሁለቱን ወገኖች ስም አለዋውጡ። አሁን ብታጠፉት ኖሮ በፊትም ማጥፋት ነበረባችሁ። አሁን ብትተዉት ኖሮ በፊትም መተው ነበረባችሁ። ተጠራጥራችሁ ከሆነ ልቡ በሌላ በኩል ያለው አድሚን ይወስን። ከአንድ ወገን ብቻ አድሚን ያለው ግሩፕ ይህን ማድረግ አይችልም። ለዚህ ነው በ5ኛው ደረጃ ላይ የተጨቃጨቅሁት።

ያጠፋችሁትን በትንሽ ደብተር መዝግቡ፦ ቀን፣ ርእስ፣ ምክንያት። የሰው ስም አያስፈልግም። "እኛን ብቻ ነው የምታፍኑት" የሚል ሰው ሲመጣ ደብተሩን አውጡለት። አንዳንዴ እውነቱን ሆኖ ይገኛል። ያኔ አስተካክሉ።

10. ገደቡን የምታነሡበት ጊዜ

ጦርነት ሩቅ ሳለና ደጃፍ ሲደርስ ደንቡ አንድ ሊሆን አይችልም። ተፈናቃይ ወደ ከተማው ሲገባ፣ መንገድ ሲቆረጥ፣ የሰፈር ልጅ ሲዘምት ሰው ስለዚያ ማውራቱ ተገቢ ነው። ያኔ ደጋግሞም ቢያወራ ፍቀዱለት፤ ፍርሃት በአንድ ጊዜ ተነግሮ አይወጣም። ስሎው ሞዱን አንሡ፣ የሳምንቱን መዝጊያ አቁሙ፣ ስድቡንና ምንጭ የለሽ ወሬውን ብቻ ጠብቁ። ነገሩ ሲበርድ ወደ ቀድሞው ተመለሱ፤ መመለሳችሁንም በግልጽ ጻፉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የማይበርዱ ሁለት ሰዎች ይኖራሉ። እሁድ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ይዛችኋቸው ውረዱ። የዓሣ ሾርባ አዝዙላቸው፣ ሒሳቡን ከግሩፑ መዋጮ ክፈሉ። እዚያ ቁጭ ብለው እስኪበቃቸው ይከራከሩ፤ ፎርዋርድ የሚያደርጉት የለም፣ የሚያጨበጭብላቸውም የለም።

ደንቡን በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ የእድሩ ሒሳብ በሚዘጋበት ስብሰባ፣ እንደገና አቅርቡ። የትኛው አንቀጽ ሥራ ላይ እንዳልዋለ ከደብተሩ ይታያል። እሱን ሰርዙት። አድሚን የሚለቅ ካለም ደብተሩንና የፒኖቹን ሊንክ ለሚተካው ሰው በእጁ ያስረክብ።